«ገላ ማሸት ደግሞ ሥራ ነው?»

ክረምት ነበር። የኢየሩሳሌም ዝናብ ከነፋስ ጋር ስለሚመጣ ጃንጥላ ብዙም አይረዳም። አንዲት እናትና ልጃቸው በስብሰው ቢሮዬ ገቡ። ልጅቱ ከሠራዊት ከወጣች ገና ሦስት ወሯ ነበር። እናትየው ሳይቀመጡ፣ «እስቲ አንቺ ንገሪልኝ ልጄ፤ እኔንስ አልሰማ ብላኛለች» አሉ።

ምን እንደሆነ ልጅቱን ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ፣ ማሳጅ መማር እንደምትፈልግ በዕብራይስጥ ነገረችኝ። እናትየው ዕብራይስጥ ብዙ አይሰሙም፤ «ማሳጅ» የምትለዋን ቃል ግን ያውቋታል። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ «ገላ ማሸት ደግሞ ሥራ ነው? ለዚህ ነው ከጎንደር ድረስ ያመጣኋት?» አሉ።

ውድ አንባብያን፣ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ልቤ ያደላው ለእናትየው ነበር። ኮሌጅ ሳለሁ መምህራኖቻችን ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩን ባለጉዳይን ማዳመጥ ነው፤ እኔ ግን አላዳመጥኩም። የአረጋውያን እንክብካቤና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ኮርስ ወረቀቶችን አውጥቼ ሰጠኋት። አመስግና ተቀበለችኝ። ከሄዱ በኋላ ወረቀቶቹን ወንበሩ ላይ አራት ቦታ ታጥፈው አገኘኋቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። በደብተሯ ላይ አሥራ አንድ ጥያቄ ጽፋ ነበር። የትኛው ትምህርት ቤት እውነተኛ ነው? ከሠራዊት ስወጣ የተቀመጠልኝን ገንዘብ፣ ፒቃዶኑን፣ ለዚህ ላውለው እችላለሁ? ወንድ ሳልነካ መሥራት ይቻላል ወይ? የሚሰጡኝን ወረቀት ኩፓት ሖሊም ይቀበለዋል? ከአሥራ አንዱ ሦስቱን እንኳ መመለስ አልቻልኩም። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄ፣ ቦታዎቹን በእግሬ ዞሬ ያገኘሁትን ነው የምጽፍላችሁ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ልጆች በዝተዋልና። የእናትና የልጅን ታሪክ የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ስማቸውን ግን ትቼዋለሁ።

ወጌሻን የማያውቅ ማን አለ?

አንድ ቀን እቤታቸው ለቡና ሄድኩ። እናትየው የጎረቤት ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ያሻሉ። በአገር ቤት በለጋ ቅቤ ነበር፤ እዚህ ከሱፐርማርኬት የተገዛ የወይራ ዘይት መዳፋቸው ውስጥ አሙቀው፣ ከትከሻው እስከ ጣቱ ጫፍ እየሳቡ፣ እግሩን አጥፈው እየዘረጉ። ሕፃኑ ዓይኑን እየጨፈነ ነበር። «ታዲያ ይህ ምንድን ነው እማማ?» ብላቸው፣ «ይሄማ ልጅ ማሸት ነው! ማሳጅ አይደለም» ብለው ሳቁብኝ።

ቆይተው ደግሞ አባታቸው ወጌሻ እንደነበሩ አወጉኝ። የወለቀ የሚመልሱ፣ የተሰበረ በሸምበቆ የሚያስሩ፣ የወገብ ቅጭት የሚያሹ። ሰው ሁሉ ይመጣባቸው ነበር፤ የእኛም ሰው፣ ክርስቲያኑም፣ እስላሙም። ክፍያው ዶሮ ነው፣ ጤፍ ነው፣ አንዳንዴም ምርቃት ብቻ ነው።

ልብ በሉ፤ በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ቡድን ሁሉ ወጌሻ አለው። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሜዳ የሚገባው እሱ ነው። ስለዚህ ሙያው ስም አጥቶ አያውቅም። እዚህ ስንመጣ የጠፋብን ስሙ ነው። ማሸትን እንደ ሊጥ ማሸት አድርገን የምናውቀውን ነገር በባዕድ ቃል ሲጠሩብን ደነገጥን። ፈረንጅም ቢሆን ይህን ዕውቀት ከሰማይ አላወረደውም፤ «ስዊድናዊ ማሳጅ» የሚባለው ስሙን ያገኘው በ1813 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ተቋም ከመሠረተው ከፐር ሄንሪክ ሊንግ ጋር ተያይዞ ነው። አሠራሩን በመልክ በመልኩ ለይቶ ያስቀመጠው ደግሞ ዮሐን ሜዝገር የተባለ የሆላንድ ሐኪም ነው። ረጅም ዳበሳ፣ እንደ ሊጥ ማሸት፣ መፈተግ፣ በመዳፍ መደብደብ፣ ማንቀጥቀጥ። ለእናትየው አንድ በአንድ ስነግራቸው፣ «አባቴ ይሄን ሁሉ ያደርግ ነበር፤ መደብደቡን ብቻ አላየሁም» አሉ።

የወጌሻን ጉዳት ግን አልደብቅም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ስብራት ላይ እጅግ ጠብቆ በታሰረ ሸምበቆ ምክንያት ደም ተቋርጦ እጃቸው ወይም እግራቸው ስለተቆረጠ ልጆች ደጋግመው ጽፈዋል። እጅ ብልህ ቢሆንም ከቆዳው በታች ያለውን ሁሉ አያይም።

እፍረቱ ከየት መጣ?

የእናትየውን እፍረት በቀላሉ የሚያልፈው ወጣት ካለ አልስማማም። ሥሩ ጥልቅ ነው። አባቶቻችን በኢትዮጵያ ሳሉ ከሌላው ሕዝብ ጋር ከተነካኩ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም ነበርና ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ይሏቸው ነበር። ከዚያ ቤት የወጣች ልጅ የማታውቀውን ሰው ገላ በመንካት ልትኖር ነው! በዚያ ላይ በአገራችን በእጁ የሚያድር ሰው የተናቀ ነበር። ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ሸማ ሸምነው የኖሩትን የእኛን ሰዎች «ቡዳ» ያሰኛቸው ይኸው የእጃቸው ጥበብ ነው። አንድ እናት ልጃቸውን ቢሮ ውስጥ ከኮምፒዩተር ፊት ማየት ቢመኙ ምን ይገርማል?

ሌላውን እዚሁ ያገኘነው ነው። በዚህ አገር «ማሳጅ» የሚለው ቃል የሴተኛ አዳሪነት መሸፈኛ ሆኖ በየማስታወቂያው ይለጠፋል። እናትየው ያዩትም እሱን ነበር። ስለዚህ ለወላጆችም ለልጆችም በግልጽ ልጻፈው፤ «ወጣት ሴት ትፈለጋለች፣ ልምድ አያስፈልግም፣ ብዙ ገንዘብ በእጅ» ብሎ አድራሻ ሳይጽፍ ስልክ ብቻ የሚሰጥ፣ ፎቶግራፍ አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ የምስክር ወረቀትሽን ለማየት የማይፈልግ ቦታ የማሳጅ ቦታ አይደለም። እውነተኛው ቦታ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዲፕሎማሽን ነው። ታካሚው ስለ ጤንነቱ ቅጽ ይሞላል። ከአንሶላ ሥር ይተኛል፣ የሚገለጠው የሚታሸው ክፍል ብቻ ነው። በወሩ መጨረሻም ቱሉሽ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ይሰጣል። በ1998 የወጣው የጾታዊ ትንኮሳ መከላከያ ሕግ ደግሞ በሥራ ቦታ የሚጠብቅሽ ነው፤ ታካሚው ከመስመር ከወጣ እጅሽን አንሥተሽ፣ በሩን ከፍተሽ መውጣት መብትሽ ነው።

ወንድ ሳይነኩ መሥራት ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ፣ ይቻላል፤ በኢየሩሳሌም በተለይ። ይህች ከተማ ሃይማኖተኛ የበዛባት ናት። በሴት እጅ ካልሆነ የማይታሹ ሴቶች ሞልተዋል፤ ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ ብለው በሩ ላይ የጻፉ ክፍሎችም አሉ። እናትየው እንቅፋት ብለው የፈሩት ነገር ለልጃቸው ገበያ ሆነላት።

ፈቃድ የሌለው ሙያ

በእስራኤል ማሳጅ ለመሥራት የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ የለም። ይህ መልካምም ክፉም ነው። መልካምነቱ፣ ሙሉ ባግሩት የሌላት ልጅም መጀመር መቻሏ። ክፉነቱ፣ የሦስት ቀን ሥልጠና የወሰደም ሁለት ዓመት የተማረም እኩል «ባለሙያ ነኝ» ማለታቸው። ፊዚዮቴራፒ ሌላ ነው። እሱ በ2008 በወጣው የጤና ሙያዎች ሕግ የተደነገገ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪና የመንግሥት ፈተና የሚጠይቅ ሙያ ነው። ማሳጅ የተማረ ሰው ራሱን ፊዚዮቴራፒስት ብሎ መጥራት፣ በሽታ መርምሬ አገኘሁ ማለት፣ ወይም «ይህን ኪኒን ተው» ማለት አይችልም። ሕክምና ለሐኪም ብቻ ነው።

ታዲያ ወረቀቱን ማን ያያል? አሠሪው ያያል። ክላሊት፣ መካቢ፣ መኡሔዴትና ሌኡሚት ለተጨማሪ ኢንሹራንስ አባሎቻቸው የተፈጥሮ ሕክምና ክፍሎች አሏቸው፤ ማሳጅም በዚያ ይሰጣል። እነዚህ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት የጥቂት ወር የስዊድን ማሳጅ ሳይሆን «ኢሱይ ረፉኢ» የሚባለውን፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጀውን፣ የሰውነት አሠራር በደንብ የሚያስተምረውን ትምህርት ነው። ሆቴሎች በአጭሩም ይቀጥራሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትጠይቁ «ስንት ወር ነው?» አትበሉ። «ስንት ሰዓት ነው? ከዚያ ውስጥ በሰው ላይ የምሠራው ስንቱን ነው? አስተማሪ አጠገቤ ቆሞ ያየኛል? ካለፈው ዓመት ተማሪዎች አንዷን ላነጋግራት?» በሉ። ይህን ጥያቄ የማይወድ ትምህርት ቤት አለ፤ አለመውደዱ ራሱ መልስ ነው።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። በመርከዝ ክሊታ የነበረ አንድ ቤተሰብ፣ ስሙን ከማልጠራው ኮሌጅ ስልክ ተደወለላቸው። ደዋዩ «መንግሥት ይከፍላል» አላቸው። የክሬዲት ካርድ ቁጥር በስልክ ሰጡ። መንግሥት አልከፈለም፤ ሂሳቡ በየወሩ ከእነሱ ይወጣ ነበር። ልጁም ከሦስተኛው ትምህርት በኋላ ዕብራይስጡ ከበደው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ይህን ስለዚህ እወቁ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተደረገን ውል ማንም ሰው በ14 ቀን ውስጥ መሠረዝ ይችላል። ለዖሌ ሐዳሽ፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ግን የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ጊዜውን እስከ 4 ወር ያራዝመዋል፣ ውሉ ሲደረግ ከሻጩ ጋር ንግግር ከነበረ። ዖሌ ሐዳሽ የሚባለው ለዚህ ጉዳይ የዖሌ ምስክር ወረቀት ከተቀበለ 5 ዓመት ያልሞላው ነው። የመሠረዣ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም፤ የተማራችሁበት ጊዜ ካለ ግን ይታሰባል። ቢሮ ሄዳችሁ ፊት ለፊት የፈረማችሁት ውል ሌላ ነው፤ እሱን ከመፈረም በፊት ነው መጠንቀቅ። የክሊታ ሚኒስቴር ለሙያ ሥልጠና የሚሰጠው ድጋፍ፣ ሾቨር የሚሉት፣ አለ፤ የሚሰጠው ግን ለታወቁ ኮርሶችና ሁኔታውን ለሚያሟላ ሰው ነው። የሚጠየቀው ከመክፈላችሁ በፊት ነው፣ ከከፈላችሁ በኋላ አይደለም። ፒቃዶኑንም ቢሆን ተማሪዋ ለትምህርት ልታወጣው የምትችለው ተቋሙ የታወቀ ሲሆን ነውና አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የልጅቱ ደብተር

ልጅቱ እዚህ ስትመጣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ዕብራይስጧ ጥሩ ነው። ቢሆንም በመጀመሪያው የሰውነት ክፍሎች ፈተና ወደቀች። የአጥንቱና የጡንቻው ስም ብዛት ከሠራዊት ዕብራይስጥ ጋር አይገናኝም። አንድ ማታ አጎቷ፣ ቄስ ናቸው፣ ደብተሯን ተቀብለው በመነጽራቸው አዩትና፣ «ምነው ይሄማ ግእዝ ነው!» አሉ።

እውነትም ነበር። ዕብራይስጡ «ዔጼም» ሲል ግእዙ ዐጽም፣ አጥንት። «ቤሬኽ» ሲል ብርክ፣ ጉልበት፤ በአማርኛም «ብርክ ያዘው» እንላለን። «ሮሽ» ርእስ፣ «ያድ» እድ፣ «ኦዜን» እዝን፣ «ላሾን» ልሳን፣ «ሼን» ስን፣ «ኬሬስ» ከርሥ፣ «ዳም» ደም፣ «ሌቭ» ልብ። ከወገብ እስከ እግር የሚወርደውን ሕመም ሲማሩ መምህርቷ «ጊድ ሃናሼ» አለች። ቄሱ ከኦሪት ያውቁታል፤ ያዕቆብ ሲታገል የተነካበት ሹልዳ ነው፣ እኛም የማንበላው። ልጅቱ ደብተሯን በሦስት ዓምድ ከፈለችው፤ ዕብራይስጥ፣ ግእዝ፣ አማርኛ። ሁለተኛውን ፈተና አለፈች።

ይህን ሳስብ ኢትዮጵያ መንገድ ይታወሰኛል። ገና ያላያችሁት ካላችሁ፣ ከነቢያት መንገድ፣ ከሪሆብ ሃነቪኢም፣ የሚወጣ ጠባብ፣ ግንበ ረጅም መንገድ ነው። በአንድ በኩል በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ክቡ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ መነኮሳቱ በግእዝ ሲጸልዩ ድምፁ እስከ መንገዱ ይሰማል። ከዚያው መንገድ ላይ ደግሞ ዕብራይስጥን የዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ የደከመው ኤሊዔዜር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት አለ። ግእዝና ዕብራይስጥ ከልጅቱ ደብተር በፊት በዚያ መንገድ ጎረቤታሞች ነበሩ።

የነቢያት መንገድ ራሱ የሕክምና መንገድ ነበር። የሮትሽልድ ሆስፒታል በ1888 እዚያ ተከፈተ፤ ሕንፃው ዛሬ የሃዳሳ አካዳሚክ ኮሌጅ ነው። እንግሊዞችም፣ ጀርመኖችም፣ ጣሊያኖችም በዚያው አካባቢ ሆስፒታል ነበራቸው፤ ቢኩር ሖሊምም እዚያው ጥግ ላይ ነው። ልጅቱ ዛሬ በሳምንት ሁለት ቀን የምትሠራበት ክፍል ከዚህ መንገድ ብዙ አይርቅም። ሥራ ስትጨርስ በኢትዮጵያ መንገድ በኩል አቋርጣ ወደ ባቡሩ ትሄዳለች፤ ዕጣኑ ደስ ይለኛል ትላለች።

«እንደ መጅ ግፊው»

በትምህርት ቤት ከታዘዙት አንዱ በቤት ሰው ላይ መለማመድ ነው። እናትየው ለወራት እምቢ አሉ። በመጨረሻ ትከሻቸው ስለጠናባቸው፣ እሺ ብለው ጀርባቸውን ሰጡ። ልጅቱ በአውራ ጣቷ ትገፋ ጀመር። ጥቂት ታገሡና፣ «ተይ! ጣትሽን ትሰብሪያለሽ። ወፍጮ ፈጭተሽ አታውቂም እንዴ?» አሏት። አታውቅም። ተነሥተው አሳዩአት። እህል የሚፈጭ ሰው በክንዱ አይገፋም፤ እግሩን ተክሎ፣ ከወገቡ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ክብደቱ በመጁ ላይ ይወርዳል፣ ክንዱ መሪ ብቻ ነው። «እንደ መጅ ግፊው። አንቺ አትግፊ፤ ክብደትሽ ይግፋ።»

ሳምንቱን ልጅቱ ክፍል ውስጥ እንዲያ ስትሠራ መምህርቷ አስቁማ ለሌሎቹ አሳየቻቸው። ቀልድ አይደለም፤ በዚህ ሙያ ብዙ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚተወው የአውራ ጣቱና የእጅ አንጓው መገጣጠሚያ ስለሚያልቅበት ነው። የጠረጴዛው ከፍታ፣ የእግር አቋቋም፣ በክርንና በግንባር ክንድ መሥራት፣ እነዚህን የማያስተምር ትምህርት ቤት ተማሪውን አካለ ስንኩል አድርጎ ይሸኛል።

ያበጠው እግር

አሁን የምጽፈው ያለ እሱ ይህን ጽሑፍ የማልጽፍበት ነገር ነው።

ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ ሳምንታት የተኙ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩ። አንድ ባታቸው አብጦ ስላመማቸው፣ በልማዳችን፣ ወደ ወጌሻዋ ልጅ፣ ወደ እናትየው መጡ። እናትየው ዘይት አሙቀው እግሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ሊጀምሩ ሲሉ ልጅቱ ከውጭ ገባች። አየችና፣ «እማ፣ አትንኪው!» ብላ ጮኸች።

በእንግዶች ፊት ነበር። እናትየው ደነገጡ፣ ከዚያም ተቆጡ። ልጅቱ ግን ሁለቱን እግር አስተያየች፤ አንዱ ብቻ ነው ያበጠው። በእጇ ጀርባ ነካችው፤ ይፋጃል። ቀላ ብሏል። ሰውየው ከቀዶ ጥገና በኋላ ተኝተው ከርመዋል። አምቡላንስ ጠራች። ሆስፒታል ሲመረመሩ ባታቸው ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። እንዲህ ያለ የረጋ ደም ሲታሽ ተላቅቆ በደም ሥር ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሽማግሌው ታክመው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

እናትየው ሁለት ቀን ልጃቸውን አላነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ማታ ቡና እያፈሉ፣ «ያ እግር... ምን አይተሽ ነው?» አሏት። ነገረቻቸው። ዝም አሉ። ከዚያ እሳቸው ልጅ ሳሉ በመንደራቸው የነበረች አንዲት አራስ ክርስቲያን ጎረቤት አነሡ። ከወለደች በኋላ አንድ እግሯ አበጠ። አባታቸውን ለመኗቸው፣ ሄደው አሹላት። በማግስቱ ትንፋሽ አጥሯት ሞተች። መንደሩ «ቡዳ በላት» አለ። አባታቸው ከዚያ በኋላ ለክርስቲያን አላሹም፤ ቤተሰቡም ከዚያ መንደር ለቆ ወጣ። «አባቴ እስኪሞት ድረስ ምን እንዳደረገ አላወቀም» አሉ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያች አራስ በምን እንደሞተች ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም። ልጅቱም እንዲሁ ነው ያለቻቸው። ነገር ግን አራስ ሴት ደም የመርጋት አደጋዋ ከሌላው ጊዜ ከፍ ያለ እንደሆነ ተምራለችና እሱን ነገረቻቸው። እናትየው ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ነው በኋላ ያጫወቱኝ።

በየቤቱ የምታሹ እናቶች ሆይ፤ ማሸትን ተዉ ማለቴ አይደለም። አንድ እግር ብቻ አብጦ ከሞቀ፣ ትኩሳት ካለ፣ አዲስ ስብራት ወይም ቁስል ካለ፣ አትንኩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለካንሰር ለሚታከም ሰው መጀመሪያ ሐኪሙ ይጠየቅ። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ስለሚደነዝዝ ሲያመው እንኳ ላያውቀው ይችላል፤ በሙቅ ዘይትና በኃይል አትሹት። ስኳር በአገር ቤት ብዙ አናውቀውም ነበር፤ እዚህ ከመጣን ወዲህ ግን በየቤታችን ገብቷል።

ገንዘቡስ?

ልጅቱ ሀብታም አልሆነችም። ጀማሪ በሰዓት ወይም በታካሚ ቁጥር ይከፈለዋል። በታካሚ የሚከፍል አሠሪ ካገኛችሁ፣ በመካከል የምትጠብቁበት ሰዓት ይከፈላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ስድስት ሰዓት ተቀምጦ ሁለት ሰው አሽቶ መመለስ አለና። በግል ለመሥራት የሚፈልግ በሦስት ቦታ መመዝገብ አለበት፤ በመዓም፣ በማስ ሃኽናሳና በቢቱዋሕ ለኡሚ። ገቢው ትንሽ የሆነ «ዖሴቅ ፓቱር» ይባላል፤ ከደንበኞቹ የተጨማሪ እሴት ታክስ አይሰበስብም። ጣሪያው በ2024 እና በ2025 በዓመት 120,000 ሼቄል ነበር፤ በየጊዜው ስለሚለወጥ የዓመቱን ጠይቁ። የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። ሳይመዘገቡ በእጅ መቀበል ለጊዜው ይጣፍጣል፤ ቢቱዋሕ ለኡሚ ሲደርስበት ግን ያለፉትን ዓመታት ጭምር ይጠይቃል፣ ደግሞም በወሊድ ጊዜ የሚገባሽን ገንዘብ ታጪያለሽ።

ልጅቱ በቀን ከአምስት ሰው በላይ አታሽም። ሁለት ቀን ተቀጥራ ትሠራለች፣ ሁለት ማታ ለሴቶች ብቻ በግሏ። አንድ የምትመኘው ነገር አለ፤ ከሯጮች ጋር መሥራት። በ2023 ቡዳፔስት ላይ ማሩ ተፈሪ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን የብር ሜዳሊያ ለእስራኤል ሲያመጣ እናትና ልጅ አብረው በቴሌቪዥን አይተው ነበር። እናትየው ሰውየው ሲሮጥ የተመለከቱት ባቱን ነበር። «ይሄን እግር ማን ያሸዋል?» አሉ።

እሳቸው አሁንም ለጎረቤት ያሻሉ። ሰው ሲመጣባቸው ግን ዘይቱን ከማሞቃቸው በፊት፣ «እስቲ ሁለቱንም እግርህን አሳየኝ» ይላሉ። ስለ ልጃቸው ሥራ ሲጠየቁ «ማሳጅ» የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ ከአፋቸው አያወጡም።

ይህን ትምህርት የምታስቡ ካላችሁ፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ይዛችሁ ወደ አካባቢያችሁ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ሂዱ፤ አብራችሁ አንብቡት። እኔ ዘንድ የምትመጡ ደግሞ እናታችሁንም ይዛችሁ ኑ።